የዶሮ ሽቦ፣ የዶሮ ቤትና የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

በመርካቶ የብረታ ብረት መደብሮችም ሆነ በየሰፈሩ ባሉት የቤት መሥሪያ ዕቃ ሱቆች «የዶሮ ሽቦ» እየተባለ የሚሸጠው፣ ዐይኑ ባለስድስት ማዕዘን የሆነው ስስ ሽቦ፣ ስሙ ከሥራው የሚበልጥ ዕቃ ነው። ገዢው ስሙን ሰምቶ ይገዛዋል፤ ሻጩም ስሙን ጠርቶ ይሸጥለታል፤ ሁለቱም ሽቦው ዶሮን ከአውሬ የሚያድን መሆኑን በቅን ልቡና ያምናሉ። ነገር ግን ይህ ሽቦ ዶሮ ከግቢ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይከለክልም። በእነዚህ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለውን ልዩነት፣ ማታ ቆጥሮ ያስገባቸውን ዶሮዎች ጧት አንገታቸው ተቀንጥሶ ያገኘ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል።

የሽቦው ታሪክ ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። በ1844 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ባርናርድ የተባለ እንግሊዛዊ የብረታ ብረት ነጋዴ፣ የሱፍ ጨርቅ ሸማኔዎች በበዙባት በኖሪች ከተማ ተቀምጦ ሳለ፣ የጨርቅ መሸመኛ መኪናን አሠራር ተከትሎ ሽቦን መሸመን እንደሚቻል አሰበ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዕቃው በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይጫናል፣ በተራ ጉጠት ይቆረጣል። እነዚህ ሁሉ ለአስመጪውም ለቸርቻሪውም ደግ ጠባዮች ናቸው። ይሁን እንጂ በጉጠት በቀላሉ የሚቆረጥ ሽቦ፣ በውሻ ጥርስና ጥፍር ቢጎተት ደግሞ ደጋግሞ መዘርጠጡ አይቀርም።

ይህ ነገር በአሁኑ ጊዜ በንግድ ጋዜጣ ላይ ሊነሣ የተገባበት ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በከተማ ግቢዎች ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ከሱቃቸው በስተ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ አሥር ወይም ሃያ ቄብ የያዙ ነጋዴዎች ጥቂቶች አይደሉም። የሚገዙትም በአብዛኛው 45 ቀን የሞላቸውን፣ ከውጭ ዘር የተገኙትን ነው። የአገራችን ዶሮ በተለመደው አያያዝ በዓመት የምትጥለው ዕንቁላል ከ60 እምብዛም የማያልፍ ሲሆን፣ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን የሚባሉት ዘሮች በደንብ ከተመገቡና ከተጠበቁ ወደ 300 ይጠጋሉ።

እንግዲህ ሒሳቡን ነጋዴ እንደሚያሰላው እናስላው። በ45 ቀኗ የተገዛች ቄብ የመጀመሪያውን ዕንቁላል የምትጥለው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ሲሞላት ነው። ስለዚህ ባለቤቷ ሦስት ወር ያህል መኖ ያበላታል እንጂ ምንም አይቀበላትም። ይህች ዶሮ ልትጥል አንድ ሳምንት ሲቀራት በሸለምጥማጥ ብትወሰድ፣ የጠፋው የግዢዋ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሦስት ወር መኖ፣ የክትባቱ ወጪ፣ ገና ያልተሰበሰበውም ትርፍ አብሮ ይጠፋል። በመጋዘን ያለ ሸቀጥ ለገበያ በተዘጋጀበት ዕለት ቢቃጠል እንደ ማለት ነው።

የቀድሞዪቱ ዶሮ በምን ትድን ነበር?

አያቶቻችን የወንፊት ሽቦ ሳይገዙ ዶሮ ሲያረቡ ኖረዋልና፣ ዛሬ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን አስፈለገ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መልሱ አጭር ነው። የባላገር ዶሮ ውጭ አታድርም ነበር፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ አታድርም። ማታ ከሰው ጋር ወደ ቤት ገብታ በቆጥ ላይ ትሰፍራለች፤ የቤቱ በር ሲዘጋ ለእርሷም ይዘጋላታል፤ ጭሱም፣ ውሻውም፣ የሰው ትንፋሽም ይጠብቃታል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት የተገኘው ቆጥ በቤት ውስጥ ስለ ነበረ ነው። የከተማ ሰው ግን ሽታውንና ንጽሕናውን አስቦ ዶሮዪቱን ከቤት አስወጣት። መልካም አደረገ። ነገር ግን ሲያስወጣት ጥበቃዋን አብሮ አላስወጣላትም፤ በአራት አጠናና በጥቅል ሽቦ የቆመች ጎጆ ሰጥቶ ከሌሊቱ ጋር ለብቻዋ ተዋት።

ሌሊት የሚመጣው ጠላት ማን እንደ ሆነ ማወቅ ለሽቦው ምርጫ ይረዳል። ከሁሉ የምትከፋው ሸለምጥማጥ ናት። ቀጭን ናት፤ ዛፍና ግንብ ትወጣለች፤ ጭንቅላቷ ያለፈበት ቀዳዳም ቀሪ ገላዋን አያግደውም። ከገባችም በኋላ በአንዲት ዶሮ ረክታ አትመለስም፤ የሚንፈራፈረውን ሁሉ እየነከሰች የምትበላውን ከማትበላው ጋር ትገድላለች። የእርሷ ዘመድ የሆነው ጥርኝም ዶሮ ቢያገኝ አይምርም። ዝባዱ ከጥንት ጀምሮ ወደ ባሕር ማዶ ለሽቶ ሠሪዎች እየተላከ ለአገራችን ላኪዎች ገንዘብ ያስገኘ እንስሳ ነውና፣ ከነጋዴ ወገን ስሙን በክፉ ማንሣት ትንሽ ይከብዳል፤ ሆኖም እውነቱ ይኸው ነው። ውሻ በጉልበቱ በር ይገነጥላል፤ ወይም ከግድግዳው ሥር ቆፍሮ ይገባል። ድመት በጫጩት ላይ እንጂ በትልቅ ዶሮ ላይ ብዙም አትደፍርም። አይጥ ዕንቁላል ይወስዳል፣ ጫጩት ይነክሳል፣ መኖ ይጨርሳል፤ ከዚህም የከፋው፣ እርሱ የቆፈረው ጉድጓድ ለሌላው መንገድ መክፈቱ ነው። ጭልፊት የቀን ሌባ ስለሆነ ከላይ የተሸፈነ መዋያ ይበቃዋል።

ሻጩ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ

አንድ ገዢ መጥቶ «የዶሮ ሽቦ ስጠኝ» ባለ ጊዜ፣ ሻጩ ሜትሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ «ዶሮዎቹ የሚውሉበት ነው ወይስ የሚያድሩበት?» ብሎ ቢጠይቅ ታላቅ ውለታ ይውላል። ለመዋያ አጥር የተለመደው ባለስድስት ማዕዘን ሽቦ ይበቃል። ለማደሪያው ግን ዐይኑ ከግማሽ ኢንች፣ ማለትም ከ12 ወይም ከ13 ሚሊሜትር የማይሰፋ፣ በየመገጣጠሚያው የተበየደና ዚንክ የተለበጠ ጠንካራ የወንፊት ሽቦ ያስፈልጋል። ዐይኑ ሰፋ ያለ እንደ ሆነ አይጥና የሸለምጥማጥ ግልገል ያልፉበታል፤ ካላለፉም በሽቦው አጠገብ የተኛችውን ዶሮ በእጃቸው ስበው ይነክሳሉ።

ይህኛው ሽቦ ከመጀመሪያው የተወደደ ነው። ብዙ ሰዎች ዋጋውን ሰምተው የሚመለሱትም የዶሮው ቤት ዙሪያውን በሽቦ መሠራት ያለበት ስለሚመስላቸው ነው። አለመሆኑን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ለ4 ዶሮ 1 ካሬ ሜትር ወለል ቢታሰብ፣ ለ12 ዶሮ 3 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ይኸውም ጎኑ 1 ሜትር ተኩል፣ ፊቱ 2 ሜትር የሆነ ቤት ማለት ነው። ግድግዳው በጣውላ፣ በብሎኬት ወይም ጭቃው በደንብ በተለሰነ እንጨት ይሠራል። ሽቦ የሚገባው በፊት ለፊቱ የላይኛው ግማሽና በስተኋላው ከጣራው ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ብቻ ነው፤ ፊቱ 2 ካሬ ሜትር፣ የኋላው ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግማሽ ካሬ ሜትር፣ በድምሩ 2 ካሬ ሜትር ተኩል። ለዚህ መጠን ደኅናውን ሽቦ መግዛት የሚያስፈራ ወጪ አይደለም። ጥቅሉን እንዳለ ካልሆነ አልሸጥም የሚል መደብር ግን ገዢውን ወደ ስሱ ሽቦ የሚገፋው ራሱ መሆኑን ይወቅ፤ ቆርጦ መሸጥ ለቁራጩ አነስተኛ ጭማሪ ቢጠየቅበት እንኳ ሁለቱንም ወገን ይጠቅማል።

ወለሉ ከድንጋይ መሠረት ጋር በሲሚንቶ የተሠራ እንደ ሆነ ቆፋሪ አያሰጋም። ሲሚንቶ ለማፍሰስ አቅም ያልፈቀደለት ሰው፣ በቤቱ ዙሪያ ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ቀብሮ፣ ከዚያ ሌላ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ አጥፎ አፈር ይመልስበታል። ከላይ ለተጠቀሰው ቤት ዙሪያው 7 ሜትር ስለሆነ፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ 7 ሜትር ሽቦና ለማዕዘኖቹ የሚሆን ጥቂት ጭማሪ ይበቃዋል። ቆፋሪ እንስሳ መቆፈር የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው፤ ጥፍሩ ከሽቦው ጋር ሲገናኝ ሌላ ቦታ ይሞክራል፤ ወደ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ርቆ መቆፈር እንደሚገባው ግን አያስተውልም።

የሽቦው አመታትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በቀጭን ምስማር ተመትቶ የታጠፈ ሽቦ ቢጎተት ይነቀላል፤ ዳር ዳሩን በቀጭን ጣውላ ጨቁኖ፣ ወይም በብሎንና በሮንዴላ አጥብቆ ማሰር ግን ዘለቄታ አለው። በሩ ከታች ከ1 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት አይተው። መቀርቀሪያው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤ የበሩ የታች ማዕዘን በውሻ ሲገፋ የሚለጠጥ ነውና። በገመድ ማሰር ወይም በእንጨት ስንጥር መቀርቀር ምንም ሊባል አይችልም። ማጠፊያና መቀርቀሪያ በርካሽ ለማግኘት የሚሻ ሰው ምናለሽ ተራን አያጣውም።

የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ነውና ብዙዎች አዝነው የአየር ማስገቢያውን በጆንያ ይደፍናሉ። ይህ ደግነት ዶሮዪቱን ይጎዳታል። ላባ ያላት ፍጥረት ብርዱን ትችለዋለች፤ የማትችለው ከኩሷ የሚነሣውን የሚያቃጥል ሽታና እርጥበቱን ነው። አየሩ ከራሷ በላይ እንዲያልፍ እንጂ በጎኗ እንዳይነፍስ ሆኖ ከጣራው ሥር ይከፈት፤ ወለሉም ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ይነጠፍበት።

ቤቱ አለቀ፤ ዶሮዎቹ ግን ገና አልገቡም

ብዙ ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን በቤቱ ላይ ጨርሶ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ ቤት ሠርቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው ዐውቀው እንዲገቡ ይጠብቃል። እነርሱ ግን ሲመሽ ወደ አሮጌው ቦታቸው፣ ወደ ማድ ቤቱ ጣራ ወይም ወደ ሎሚው ዛፍ ይሄዳሉ። ዶሮ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መስፈርን ከጥንት ወላጆቿ፣ በእስያ ዱር በዛፍ ላይ ከሚያድሩት የጫካ ዶሮዎች ወርሳዋለች፤ የሰፈረችበትንም ቦታ በቀላሉ አትለውጥም። ለእርሷ ቤት ማለት ትናንት ያደረችበት ነው። አዲሱ ቤት ምንም ያህል ቢያምር፣ በውስጡ እስክታድርበት ድረስ ተራ ሣጥን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማስገባት በሌሊት ይሁን። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ ከቆጧ ላይ ስትነሣ እምብዛም አትታገልም። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ፋኖስ ወይም የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ክንፎቿን ከገላዋ ጋር በሁለት እጅ አቅፎ፣ አንድ በአንድ አዲሱ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ነው። እግሯን አስሮ ዘቅዝቆ መውሰድ የገበያ ልማድ ነው፤ ለምትታረደው እንኳ የማይገባ ሲሆን፣ ልትጥል ለተቃረበች ቄብ ደግሞ አደጋ አለው።

በማግሥቱ በሩ አይከፈት። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ድረስ መኖና ውኃ በውስጡ እየቀረበላቸው ተዘግተው ይቆዩ። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ፣ ሩብ ሊትር ያህልም ውኃ ትፈልጋለች፤ ውኃው የተቋረጠ እንደ ሆነ ዕንቁላሉም ይቋረጣል። በእነዚህ ቀናት ጩኸት ይኖራል፤ በሽቦው ላይ መመላለስም ይኖራል። የቤቱ እመቤት ወይም ልጆቹ አዝነው በሦስተኛው ቀን ይከፍቱላቸዋል። ይህ ርኅራኄ የሦስት ቀን ድካም ያጠፋል። ጎመን አንጠልጥሎ እንዲነጩት ማድረግ፣ ሰጋቱራው ላይ ጥሬ በትኖ እንዲጭሩ ማድረግ የተሻለ ማባበያ ነው።

ሳምንቱ ሲሞላ በሩ የሚከፈተው ጧት ሳይሆን ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። በዚያን ሰዓት የተለቀቀች ዶሮ ሩቅ አትሄድም፤ ጥቂት ጭራ፣ ጥቂት በአፈር ታጥባ፣ ብርሃኑ ሲደክም ያደረችበትን ትፈልጋለች። በሚቀጥሉት ቀናት ሰዓቱ እየቀደመ፣ መዋያው እየረዘመ ይሄዳል። ጥሬ የያዘ ጣሳ እያንቋቁ መጥራት ልማድ ከተደረገ፣ ዶሮዎቹ ድምፁን ለይተው መሮጥን ቶሎ ይማራሉ። ወደ አሮጌው ዛፍ የወጣች ብትገኝ፣ በዚያው ሌሊት አውርዶ ማስገባት ነው፤ አንድ ሌሊት የተማረረባት ልማድ ሁለት ሌሊት ከተተወ ይመለሳል፤ ሌሎቹም ይከተሏታል። ይልቁንም አሮጌውን መስፈሪያ ቀድሞ ማንሣት ይሻላል። የአሮጌውን ቆጥ እንጨት ግን ወደ አዲሱ ቤት መውሰድ አይገባም፤ በስንጥቁ ውስጥ ሌሊት ወጥቶ ደም የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ይደበቃል።

ቆጡ ከዕንቁላል መጣያው ሣጥን ከፍ ይበል። ዶሮ ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ለመኝታ ስለምትመርጥ፣ ሣጥኑ የበለጠ እንደ ሆነ በውስጡ ታድርበታለች፤ ዕንቁላሉም በኩስ ተበክሎ ይገኛል። ጠርዙ የተላገ ሞራሌ፣ ከወለሉ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ለአንዲት ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት እየታሰበ ይሠራል። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ይበቃል፤ በማዕዘን፣ ጨለም ባለ ስፍራ፣ ጭድ ተደርጎበት። ከእንጨት የተጠረበ የዕንቁላል አምሳያ በውስጡ ማስቀመጥ ጀማሪዎቹን ቄቦች ቦታውን ያስተምራቸዋል።

ቀድሞ ዶሮ ያለው ሰው አዳዲስ ሲገዛ ሌላ ችግር ይነሣል። አዲሶቹን በቀጥታ ከነባሮቹ ጋር መቀላቀል ለጠብም ለበሽታም በር መክፈት ነው። ፈንግል የሚባለው በሽታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግቢውን ባዶ ሊያደርገው ይችላልና፣ በዚህ ረገድ ከሸለምጥማጥ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይደለም። ክትባቱን በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። ገዢው ቄቦቹ ምን ምን እንደ ተከተቡና መቼ እንደ ተከተቡ ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበል፤ ካርቶን ሳሙና ሲረከብ ደረሰኝ የሚጠይቅ ነጋዴ ዶሮ ሲገዛ በቃል የሚያምንበት ምክንያት የለም። አዲሶቹ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻቸው ይቆዩ። ከዚያም ጥቂት ቀን በሽቦ እየተያዩ ከዋሉ በኋላ፣ በሌሊት በአንድ ቆጥ ላይ ይቀመጡ። ሲነጋ መነካከሱ አይቀርም፤ መኖውና ውኃው በሁለት ቦታ ከቀረበ ግን ደካማዪቱ አትራብም፤ ተራቸውን ወስነው ይበርዳሉ።

ለባለሱቅ የተለየ ችግር የሚሆነው የመዝጊያው ሰዓት ነው። በአገራችን ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ዶሮዎቹም የሚገቡት በዚያው ሰዓት ነው። ባለሱቁ ግን ገበያው በሚደራበት በዚያ ሰዓት ከባንኮኒው ሊላወስ አይችልም፤ መዝጊያውን ስቦ ሒሳቡን ቆጥሮ የሚነሣው 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ነው። ሸለምጥማጥ ይህን ያህል አትታገሥም። ስለዚህ መዝጋቱ የአንድ የታወቀ ሰው፣ የልጅ ወይም የዘበኛ ሥራ ይሁን፤ «ማንም ያየ ይዝጋው» የተባለ በር ማንም አይዘጋውም። የሚዘጋውም ሰው ቆጥሮ ይዝጋ። በውጭ አገር፣ ሲነጋ ራሱን የሚከፍት፣ ሲመሽ ራሱን የሚዘጋ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ በር ይሸጣል። አስመጪዎች ቢያስቡበት ፈላጊ የሚያጣ አይመስልም። ሆኖም ይህ በር ቆጥሮ አይዘጋም፤ የዘገየችውን ውጭ ያስቀራል፤ ቀድሞ የገባ አውሬ ቢኖርም አብሮ ይቆልፍበታል። ዶሮዎቹ ቤታቸውን ሳይለምዱ በእርሱ መተማመን አይገባም።

ከዝውውሩ በኋላ ዕንቁላል መጣል የጀመሩት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሊያቋርጡ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ በዓል የቀረበ እንደ ሆነ ባለቤቱ «እነዚህስ አልሠመሩም» ብሎ ቢላዋ ያነሣል፤ ሦስት ወር የመገባትንም ዶሮ ለአንድ ቀን ወጥ ያደርጋታል። ኩሷ ደኅና ከሆነ፣ መኖዋን ከበላች፣ ማታም ሳትፈለግ ቆጧ ላይ ከተገኘች፣ መታገሥ ነው። የእንጨቱም ዕንቁላል፣ በአጠገቡ እውነተኛው መገኘት ከጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከመጣያው ሊነሣ ይችላል።